የኮርማ መካንነትና በዘሩ ውስጥ የሚገኙት ምልክቶች

የአገራችን ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ኑሮውን የመሠረተው በእርሻና በከብት እርባታ ላይ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በሬው ያርሳል፤ ላሚቱ ትታለባለች፤ ሥጋውና ቆዳው ለገበያ ይሆናል፤ እበቱም ለማገዶና ለመሬት ማዳበሪያ ይጠቅማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በረከት የሚገኘው ጥጃ ሲወለድ ነው። ጥጃ ካልተወለደ ወተት የለም፤ ወይፈን ካላደገም ጥማድ በሬ የለም። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ ስንት ከብት አለ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፥ በዚህ ዓመት ስንት ጥጃ ተወለደ ብሎ መጠየቅ የሀብቱን እውነተኛ ልክ ያሳያል።

ጥጃ ሳይወለድ በቀረ ጊዜ ባለ ከብቱ አስቀድሞ የሚከሰው ላሚቱን ነው። መካን ናት ይባልና እንደ መሲና ተቈጥራ ለሥጋ ትሸጣለች። ኮርማውን የሚጠራጠር ሰው ግን ጥቂት ነው። ኮርማው ትከሻው የሰፋ፥ ሻኛው የቆመ፥ ድምፁ የሚያስፈራ፥ ላሞቹንም ተግቶ የሚያጠቃ ከሆነ፥ ዘሩም እንደ መልኩ መልካም ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ላም የማጥቃት ኃይልና የማስረገዝ ኃይል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በሜዳ ላይ በዓይን ይታያል፤ ሁለተኛው ግን ዘሩ ካልተመረመረ በቀር አይታወቅም።

ነገሩን በሒሳብ ብንመለከተው ይገለጣል። አንዲት ላም መካን ብትሆን ባለቤቷ የሚያጣው የዓመቱን አንድ ጥጃና የአንዲት ላም ወተት ነው። ነገር ግን አንድ ኮርማ ለ25 ላሞች ተመድቦ እርሱ መካን ቢሆን፥ በዚያ ዓመት የሚጠፋው 25 ጥጃና የ25 ላሞች ወተት ነው። ደግሞም በብዙ መንደር የአንድ ሰው ኮርማ የጎረቤቱን ላሞች በግጦሽና በውሃ ቦታ ስለሚያገኝ፥ ጉዳቱ በባለቤቱ ቤት ብቻ ተወስኖ አይቀርም።

ከፍጹም መካንነት ይልቅ የሚከፋው ግን ጕድለቱ በከፊል የሆነው ኮርማ ነው። ፈጽሞ የማያስረግዝ ኮርማ ቢዘገይ በአንድ ዓመት ይታወቃል። ከአሥር ላም አራቱን ወይም አምስቱን ብቻ የሚያስረግዝ ኮርማ ግን፥ አንድ ዓመት ድርቅ ነበረ፥ ሌላ ዓመት መኖ አነሰ እየተባለ ብዙ ዘመን በመንጋው ውስጥ ይኖራል። በዚህም ጊዜ ሁሉ ላሞቹ በየተራ እየተኮነኑ ወደ ሥጋ ገበያ ይነዳሉ።

ስለዚህ የአገር ገዥዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ከብቶች ሁሉ ስለ ኮርማ ዘር ጥቂት ዕውቀት ሊኖራቸው ይገባል። ከዚህ ቀጥሎ የዘሩን ጠባይ፥ በውስጡ የሚገኙትን የመልካምነትና የመካንነት ምልክቶች፥ በመጨረሻም መደረግ የሚገባውን በተራ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዘሩ ጠባይ

የኮርማ ዘር በዓይን ሲታይ እንደ ወተት ነጭ የሆነ ወፈር ያለ ፈሳሽ ነው። በ1677 ዓ.ም. ሌቨንሁክ የሚባል የሆላንድ ሰው፥ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ዘርን ቢመለከት፥ ጭራ ያላቸው ደቃቃን ነገሮች በውስጡ ሲንቀሳቀሱ አየ፤ ያየውንም ጽፎ ለሎንዶን የሊቃውንት ማኅበር አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ምርመራ ዘር ሁለት ክፍል እንዳለው ተረጋገጠ።

አንደኛው ክፍል የዘር ሕዋስ ነው። ይህም ራስና ጭራ ያለው እጅግ ደቃቅ ፍጥረት ሲሆን፥ ራሱ ከአባት የሚወረሰውን ሁሉ ይሸከማል፤ ጭራው ደግሞ እየዋኘ ወደ ላሚቱ እንቍላል ያደርሰዋል። ሁለተኛው ክፍል ሕዋሳቱ የሚዋኙበት ፈሳሽ ነው፤ በእርሱም ውስጥ ስኳር፥ ማዕድንና ልዩ ልዩ ዐይነት ፕሮቲን ይገኛል። ቀድሞ ይህ ፈሳሽ የሕዋሳቱ መጓጓዣ ብቻ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ግን ሕዋሳቱን ለሥራቸው የሚያዘጋጅና ስለ ኮርማውም ጤና ብዙ የሚናገር መሆኑ ታውቋል።

አንድ ጤነኛ ኮርማ በአንድ ጊዜ የሚያፈሰው ዘር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በአንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት ወደ አንድ ሺህ ሚሊዮን ይጠጋሉ። ይህን ያህል ብዛት ሳለ እንቍላሉን የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው።

የዘር ሕዋስ በአንድ ቀን አይሠራም። በኮርማ ቆለጥ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሠርቶ ለመፈጸም 61 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም በቆለጡ አጠገብ ባለው ጥምዝምዝ ቧንቧ ውስጥ እየበሰለ ለመጓዝ ዐሥር ቀን ያህል ይጨመርበታል። ይህን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። ኮርማው በብርቱ ትኵሳት ቢታመም፥ ቢራብ ወይም ቆለጡ ቢጎዳ፥ ክፉው ዘር መታየት የሚጀምረው ሕመሙ ካለፈና እረኛውም ከረሳው በኋላ ነው። እንዲሁም ኮርማው ከዳነ በኋላ መልካም ዘር እስኪመለስ ድረስ ሁለት ወር ከዚያም በላይ ይቈያል።

ቆለጥ ከሆድ ውጭ ተንጠልጥሎ መፈጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ጤነኛ ዘር የሚሠራው የቆለጡ ሙቀት ከሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ ብርቱ ሙቀት፥ ትኵሳት ወይም የቆለጥ እብጠት ዘሩን ያበላሻል። ከሞቃት ቆላ ውጭ ሆኖ የኖረ የደጋ ወይም የባሕር ማዶ ኮርማ በድንገት ወደ ቆላ ቢወርድና ጥላ ቢያጣ፥ በሥጋው ሳይከሳ በዘሩ ሊጎዳ ይችላል።

በእጅና በመነጽር የሚታወቁት ምልክቶች

የኮርማ ዘርን በሥርዓት መርምሮ ከመካንነት ጋር ያለውን ግንኙነት መግለጽ የተጀመረው ባለፈው መቶ ዓመት ነው። በ1920 ዓ.ም. ዊልያምስ የሚባል የአሜሪካ ሰው የኮርማን የዘር ሕዋሳት ቅርጽ እየተመለከተ ከማስረገዝ ችሎታቸው ጋር አመዛዘነ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ላገርሎፍ የተባለ የስዊድን የከብት ሐኪም፥ የማስረገዝ ኃይላቸው የቀነሰ ወይም ፈጽሞ የጠፋ ኮርማዎችን ዘርና ቆለጥ መርምሮ፥ የሕዋሳቱ ቅርጽ መበላሸት የቆለጡን ሕመም እንደሚያመለክት በሰፊው ጻፈ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የኮርማ ምርመራ ከነዚህ ሰዎች ሥራ የወጣ ነው።

የምርመራው ሥርዓት በአጭሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ኮርማውን በሙሉ ያያል። እግሩ የሚያነክስ ኮርማ ላም ለመከተልና ለማጥቃት አይችልም፤ ዓይኑ የታወረም እንዲሁ። ብልቱም ቁስል፥ ኪንታሮት ወይም መጣመም እንዳይኖርበት ይመረመራል።

2ኛ፤ ቆለጡ በእጅ ይዳሰሳል። ሁለቱ ቆለጦች እኩል፥ ጠንከር ያሉና ወዲያና ወዲህ የሚሉ መሆን አለባቸው። አንደኛው ያነሰ፥ የለሰለሰ ወይም እንደ ድንጋይ የደረቀ ከሆነ ክፉ ምልክት ነው። ከዚያም የቆለጡ ከረጢት ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ ቆለጡ ትልቅ በሆነ መጠን የሚሠራው ዘር ይበዛልና።

3ኛ፤ ዘሩ ተወስዶ ሳይቀዘቅዝ በአጉሊ መነጽር ይታያል። በዚህ ጊዜ ወደ ፊት ቀጥ ብለው የሚዋኙት ሕዋሳት ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ይገመታል።

4ኛ፤ ከዘሩ ጥቂት ጠብታ በቀለም ተነክሮ የሕዋሳቱ ቅርጽ አንድ በአንድ ይቈጠራል። ራሱ የጠበበ፥ ጭራው የተጠመዘዘ፥ ራሱ ከጭራው የተለየ ሕዋስ እንደ ብልሹ ይቈጠራል።

በአሜሪካ የሚገኘው የከብት መራቢያ ሐኪሞች ማኅበር በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት፥ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ኮርማ የቆለጡ ዙሪያ ቢያንስ 34 ሴንቲ ሜትር፥ ቀጥ ብለው የሚዋኙት ሕዋሳት ከመቶው ቢያንስ 30፥ ቅርጻቸው ያልተበላሸውም ከመቶው ቢያንስ 70 መሆን ይገባቸዋል። ስለ ቆለጡ ዙሪያ የተነገረው ቍጥር ግን ይልቁንም በአውሮፓ ዘር ከብቶች ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የኛ አገር ሻኛ ያላቸው ከብቶች፥ ቦረና ቢሆን ፎገራ፥ ሆሮ ቢሆን አርሲ፥ አካላቸውም አስተዳደጋቸውም ልዩ ስለ ሆነ፥ ኮርማውን በዚያ ቍጥር ብቻ መኰነን አይገባም፤ ከወገኖቹና ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ማመዛዘን ይሻላል።

እንዲሁም በአንድ ጊዜ ምርመራ ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም። ከላይ እንደ ተናገርነው ዘር ተሠርቶ እስኪበስል ከሁለት ወር በላይ ስለሚፈጅ፥ ዘሩ የተበላሸ ሆኖ የተገኘ ኮርማ እንደገና ከ60 ወይም ከ70 ቀን በኋላ መመርመር አለበት። ጕድለቱ ከትኵሳት ወይም ከረኀብ የመጣ ከሆነ በዚያን ጊዜ ተሻሽሎ ይገኛል፤ ከቆለጡ መበላሸት ወይም ከትውልድ የመጣ ከሆነ ግን እንዳለ ይኖራል።

ከመነጽር የተሰወሩት ምልክቶች

በመነጽር የተመሰገነ ዘር ሁሉ ያስረግዛል ማለት አይቻልም። ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ሲያስጨንቃቸው የኖረው ነገር፥ ሕዋሳቱ ብዙ ሆነው፥ መልካም እየዋኙ፥ ቅርጻቸውም ሳይጎድል፥ ላሞቹ ግን ሳይፀንሱ የሚቀሩበት ምክንያት ነበር። ስለዚህ ምርመራው ከቅርጽና ከመዋኘት አልፎ ዘሩ ወደ ተሠራበት ንጥረ ነገር ገባ።

በ1980 ዓ.ም. ኤቨንሰንና ጓደኞቹ የሚባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች፥ በሕዋሱ ራስ ውስጥ የተጠቀለለው የውርስ ክር ጠንካራ ነው ወይስ በቀላሉ የሚበጣጠስ ነው የሚለውን መለኪያ አወጡ። ሕዋሱ ከውጭ ሲታይ ያማረ ሳለ የውስጡ ክር የተበጣጠሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሕዋስ ወደ እንቍላሉ ቢደርስ እንኳ ፅንሱ ሳይጸና ይቀራል። ይህ ምልክት በኮርማም በሰውም ላይ ከመካንነት ጋር ተያይዞ ተገኘ።

በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርስቲ ኪልያንና ጓደኞቹ የሆልስታይን ኮርማዎችን የዘር ፈሳሽ ፕሮቲን በፕሮቲኑ ለይተው ተመለከቱ። የማስረገዝ ችሎታቸው ከፍ ያለውና ዝቅ ያለው በመዝገብ የታወቁ ኮርማዎች ነበሩና፥ ፈሳሾቹ ሲመዛዘኑ አራት ፕሮቲኖች ተለይተው ወጡ። ሁለቱ በመልካሞቹ ኮርማዎች ዘር በዝተው ተገኙ፤ ሁለቱ ደግሞ በደካሞቹ ዘር በዝተው ተገኙ። ከመልካሞቹ ምልክቶች አንዱ ኦስቴዮፖንቲን የሚባለው ፕሮቲን እንደ ሆነ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ታወቀ። ይህም ፕሮቲን አስቀድሞ ይታወቅ የነበረው በአጥንት ውስጥ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን በ2014 ዓ.ም. ፍሌክፊ ስለሚባለው የአውሮፓ ዘር ከብት የተጻፈው ነው። ከነዚህ ኮርማዎች መካከል አንዳንዶቹ ዘራቸው በመነጽር ሲታይ ነቀፋ አልተገኘበትም፤ ስለዚህም ተፈቅዶ ላሞች ተዳቀሉበት። ነገር ግን ከመቶ ላሞች የፀነሱት ሁለት እንኳ አልሞሉም። ተመራማሪዎቹ የኮርማዎቹን የውርስ መዝገብ ቢያነቡ፥ ቴሜም 95 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው የውርስ ክፍል ላይ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ ሥራውን እንዳቋረጠችው አገኙ። በ2020 ዓ.ም. በአይጥ ላይ በተደረገው ምርመራም ይህ ፕሮቲን የዘር ሕዋሱ ከእንቍላሉ ጋር እንዲዋሐድ የሚያስፈልግ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ የነዚያ ኮርማዎች ሕዋሳት መንገዱን ሁሉ በደኅና ዋኝተው ከበሩ ሲደርሱ ለመግባት የማይችሉ ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ጕድለት የሚታየው ኮርማው ከአባቱም ከእናቱም የወረሰው እንደ ሆነ ነው። ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰው ኮርማ እርሱ ራሱ ደኅና ሆኖ ጕድለቱን ለልጆቹ ያስተላልፋል። ላሞችም ጕድለቱን ይሸከማሉ እንጂ መፅነሳቸው አይጎዳም። ከዚህ የምንማረው ትምህርት አለ። ከጥቂት የታወቁ ኮርማዎች ብቻ ዘር እየወሰዱ አባትን ከልጁ፥ ወንድምን ከእኅቱ ጋር ማዳቀል፥ ተሰውረው የኖሩት እንዲህ ያሉ ጕድለቶች እንዲገናኙና እንዲገለጡ ያደርጋል። ስለዚህ የመንጋው ኮርማ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ኮርማው ከዚያ መንጋ መውጣት ይገባዋል።

እነዚህ በፕሮቲንና በውርስ መዝገብ የሚታወቁት ምልክቶች ትልቅ መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃሉ፤ በየወረዳው ሊሠሩ አይችሉም። የሚጠቅሙትም ይልቁንም ዘሩ ለሺህ ላሞች ለሚከፋፈለው ኮርማ ነው። በመንደር ላለው ኮርማ ግን የእጅ፥ የሜትርና የመነጽር ምርመራ አብዛኛውን ጕድለት ስለሚገልጽ በመጀመሪያ እርሱን ማድረስ ይገባል።

ከኮርማው ወደ ላሞቹ የሚጋቡ ደዌዎች

ኮርማው ዘሩ መልካም ሆኖ ሳለ መንጋውን መካን የሚያደርግበት ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ደዌ ነው። በተለይ ሁለት ደዌዎች ይታወቃሉ። አንደኛው ካምፒሎባክተር በሚባል ባክቴሪያ፥ ሁለተኛው ትሪኮሞናስ በሚባል በዓይን የማይታይ ነፍሳት ይመጣሉ። ሁለቱም በኮርማው ብልት ሽፋን እጥፋት ውስጥ ተደብቀው ይኖራሉ፤ ኮርማውን ግን አያከሱትም፥ አያሳምሙትም። እርሱ እንደ ጤነኛ ሲያጠቃ ላሞቹ ይያዛሉ፤ ፅንሱም ገና በትንሽነቱ ይሞታል። ባለቤቱ የሚያየው ላሚቱ እንደገና ኮርማ ስትፈልግ ብቻ ነው። ኮርማው ባረጀ መጠን የቆዳው እጥፋት ስለሚበዛ ደዌው ጸንቶ ይኖርበታል፤ ስለዚህ በትሪኮሞናስ የተያዘውን ኮርማ ከመንጋው ማስወገድ ይሻላል።

ሦስተኛው ብሩሴሎሲስ የሚባለው ነው። በዚህ ደዌ የተያዘች ላም ብዙውን ጊዜ ከአምስተኛው ወር በኋላ ትጨነግፋለች፤ ኮርማው ሲያዝ ቆለጡ ያብጣል፥ ዘሩም ይበላሻል። ይህ ደዌ ወደ ሰውም ይሻገራል። ስለዚህ የጨነገፈውን ፅንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት፥ ለውሻ መጣል፥ ያልተፈላ ወተትም መጠጣት አደገኛ መሆኑ ለሕዝቡ በግልጽ መነገር አለበት።

ስለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል

ዘርን በመሣሪያ ወስዶ ላሚቱን ያለ ኮርማ ማስረገዝ ዛሬ ለሁሉ የታወቀ ጥበብ ነው። ስፓላንዛኒ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በውሻ ላይ አድርጎት ግልገሎች ተወለዱ። በ1936 ዓ.ም. በዴንማርክ በሳምሶ ደሴት ገበሬዎች ተባብረው የመጀመሪያውን የማዳቀያ ማኅበር አቋቋሙ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ፖልጅ፥ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉ ሰዎች ዘሩ ከግሊሰሪን ጋር ሲደባለቅ በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ሳይሞት እንደሚቈይ ገለጡ። ከዚህም የተነሣ ዛሬ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል።

ይህ ጥበብ በ1938 ዓ.ም. በኢጣልያ እጅ በነበረችው በአስመራ ተጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ። በ1967 ዓ.ም. በአርሲ በጭላሎ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራው ተመሠረተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ በቃሊቲ የብሔራዊ ማዳቀያ ማእከል ተቋቁሞ ዘር እያዘጋጀ ለየክፍሉ ማከፋፈል ጀመረ።

የዚህ ሥራ ጥቅም የኮርማውን መልካምነት ማብዛቱ ነው፤ ነገር ግን ጕድለትንም እንዲሁ ያበዛል። አንድ ኮርማ በአንድ ጊዜ 6 ሚሊ ሊትር ዘር ቢሰጥና በያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሺህ ሚሊዮን ሕዋስ ቢኖር፥ ድምሩ ስድስት ሺህ ሚሊዮን ይሆናል። ለአንዲት ቀጭን የዘር ቱቦ 20 ሚሊዮን ሕዋስ ቢመደብ 300 ቱቦ ይሞላል ማለት ነው። ዘሩ መልካም ቢሆን ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ ክፉ ቢሆን ግን በአንድ ቀን ሥራ የ300 ላሞች ጊዜ ይባክናል።

ዘሩ ከማእከሉ በመልካም ቢወጣም በመንገድ ሊሞት ይችላል። ናይትሮጅኑ ከጎደለና ዘሩ ለአጭር ጊዜ እንኳ ሙቀት ካገኘ፥ መልሶ ቢቀዘቅዝም የሞተው አይነሣም። ስለዚህ ማዳቀል አልሠራም ተብሎ አቤቱታ ሲቀርብ፥ ሹሙ በሦስት ነገር ላይ መመርመር አለበት፤ ይኸውም የናይትሮጅኑ ዕቃ መቼ እንደ ተሞላ፥ ላሚቱ ኮርማ በፈለገች በስንተኛው ሰዓት እንደ ተዳቀለች፥ የዘሩም ኮርማ ቍጥር በመዝገብ መጻፉን ነው።

ስለ ሰው የሚገባ ማስታወቂያ

ይህ መጽሔት ስለ እርሻና ስለ ከብት የሚጽፍ ቢሆንም፥ ከዚህ ነገር ጋር ስለ ተያያዘ አንድ ቃል ስለ ሰው መናገር ይገባል። በላሚቱ ላይ የሚፈረደው ፍርድ በሚስትም ላይ ይፈረዳል። ልጅ ሳይወለድ የቀረ እንደ ሆነ ጥፋቱ የሴቲቱ ነው ተብሎ ትዳር የሚፈርስበት ጊዜ ብዙ ነው። የሕክምና ዕውቀት ግን ልጅ ካጡት ባልና ሚስት መካከል በግማሹ ያህል፥ ብቻውንም ይሁን ከሚስቲቱ ጋር፥ የባሉ ጕድለት እንደሚገኝ ያስረዳል።

ለወንድም የሚደረገው ምርመራ ከዚህ በላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳሰላል፤ ዘሩ ይቈጠራል፥ መዋኘቱና ቅርጹም ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ልጅ ከወለዱ ወንዶች ቍጥር የተወሰደው የታችኛው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ሕዋስ ነው። ሕዋስ ፈጽሞ ያልተገኘበት ወንድ እንኳ ተስፋ የሌለው አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ የሚገኙ ተመራማሪዎች፥ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ቴክስ 101 እና ኢሲኤም 1 የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ሲለኩ፥ ጕድለቱ ከመንገዱ መዘጋት ነው ወይስ ከቆለጡ አለመሥራት ነው የሚለውን ለመለየት እንደሚረዱ ገልጸዋል። መንገዱ የተዘጋበት ሰው በቀዶ ሕክምና ሊረዳ ይችላልና ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እንግዲህ ባልና ሚስት በዚህ ምክንያት ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ሹም በቀረቡ ጊዜ፥ ሁለቱም ወደ ሐኪም ሄደው እንዲመረመሩ መምከር ከፍርድ የሚቀድም ተግባር ነው። ይህን ማድረግ ለባል ውርደት አይሆንም፤ ለቤቱም ሰላምን ያመጣል።

ሹማምንትና ባለ ከብቶች ሊያደርጉ የሚገባቸው

1ኛ፤ የመንጋ መዝገብ ይያዝ። በመዝገቡም የላሚቱ ስም፥ የተጠቃችበት ቀንና ያጠቃት ኮርማ ይጻፍ። ያልፀነሰች ላም በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ ትፈልጋለች። ከአሥር ላም አንዲቱ ብቻ ብትመለስ ምክንያቱን በላሚቱ መፈለግ ይገባል፤ ስድስት ወይም ሰባት ቢመለሱ ግን ኮርማው ይጠርጠር። ላሞቹ ሁለትና ሦስት ወር ቈይተው የሚመለሱ ከሆነ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይጠራ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ባለ ከብት ቢኖር በትምህርት ቤት ያለው ልጁ ሊጽፍለት ይችላል።

2ኛ፤ ኮርማ ከላሞች ጋር ከመቀላቀሉ ሁለት ወር አስቀድሞ ይመርመር። ጕድለት ቢገኝበት ሌላ ለመፈለግ ወይም እርሱን እንደገና ለማስመርመር ጊዜ ይገኛልና። ይልቁንም ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ በመንግሥት ወይም በማኅበር ገንዘብ የሚገዛ ኮርማ፥ የዘርና የጤና ምርመራ ወረቀት ሳይኖረው ርክክብ አይደረግ። የኮርማ ዋጋ በቀለሙና በሥጋው ብዛት ብቻ ተወስኖ ሒሳብ ቢወጣ፥ የሕዝቡ ገንዘብ በከንቱ ሊወጣ ይችላል።

3ኛ፤ ለዘር ያልተመረጠ ወይፈን በጊዜው ይኰላሽ። ብዙ ያልተመረጡ ወይፈኖች በመንጋው ውስጥ ሲዞሩ የትኛው ኮርማ እንዳስረገዘና የትኛው መካን እንደ ሆነ ለመለየት አይቻልም።

4ኛ፤ ኮርማው በደረቅ ወራት መኖ፥ ውሃና ጥላ አይከልከል። ብዙ ባለ ከብቶች ለሚታለቡት ላሞችና ለሚያርሱት በሬዎች ገለባ ሲያቀርቡ ኮርማውን ይረሱታል፤ የዚህም ቅጣት ከሁለት ወር በኋላ በመንጋው ላይ ይታያል። እንዲሁም በብርቱ ትኵሳት የታመመ ኮርማ ሁለት ወር ተኩል ያህል እንዲያርፍና ተመርምሮ እንዲመለስ ይደረግ።

5ኛ፤ ላም መካን ናት ተብላ ከመሸጧ በፊት፥ በሌላ በተመሰከረለት ኮርማ ወይም በማዳቀያ ዘር ትሞከር። መልካም የምትታለብ ላም ለሥጋ ሄዳ ጥፋተኛው ኮርማ በመንጋው ሲቀር ጉዳቱ እጥፍ ነው።

6ኛ፤ የከብት ሐኪሙ ለዚህ ሥራ በሚመጣበት ጊዜ ሹሙ ሕዝቡን አስቀድሞ ያስረዳ። ኮርማዬ ተመርምሮ ቢነቀፍብኝ አፍራለሁ የሚል ባለ ከብት ይኖራል። ምርመራው ኮርማውን የማይጎዳ መሆኑን፥ ውጤቱም ለባለቤቱ ምክር እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቦታ ሹሙ ወይም የአገሩ ታላቅ ሰው የራሱን ኮርማ አስቀድሞ ቢያስመረምር ሌላው ያለ ክርክር ይከተለዋል።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ተብሎ የሚነገረው ተረት፥ መካን ኮርማ ባለበት መንደር በእውነት ይፈጸማል። ላሞቹ በሜዳ ይታያሉ፥ ቍጥራቸውም በመዝገብ ይጻፋል፤ ወተቱና ጥጃው ግን የለም። ይህን ለማስቀረት የሚያስፈልገው ለመጀመሪያው ሥራ አንድ መለኪያ ሜትር፥ አንድ አጉሊ መነጽር፥ አንድ የሠለጠነ የከብት ሐኪምና በታማኝነት የሚያዝ መዝገብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በክፍሉ ውስጥ ለዘር የቆሙትን ኮርማዎች ቍጥርና ዕድሜ፥ በየአንዳንዳቸውም የተጠቁትን ላሞችና የተወለዱትን ጥጆች አስቈጥሮ፥ ከሚመጣው የጥቂያ ወራት በፊት በጽሑፍ ለበላዩ መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ይገባዋል።